የጠገራ ብሯን ሴትዮ ዘመዶች ፍለጋ፦ ከፓርማ እስከ ፎዝዲኖቮ

መጀመሪያ ይታወቅልኝ፣ እኔ ሳንቲም ሰብሳቢ አይደለሁም። ሚላኖ ነው የምኖረው፣ የሳምንት ዕረፍት ነበረኝ፣ ባህር ዳርቻ ሄዶ በፀሐይ መጠበስ ደግሞ ለሐበሻ ምኑም አይታየኝም። እና ብዙ ጊዜ ሲከነክነኝ የነበረ ነገር አለ። ጣልያን የሚባል አንድ አገር የተፈጠረው 1861 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ ከዛ በፊት ትንንሽ መንግሥታት ነበሩ፣ ሁሉም የራሱ መስፍን፣ የራሱ ጉምሩክ፣ የራሱ ገንዘብ ነበረው። ከፓርማ ተነስቶ በሞዴና አርጎ ቦሎኛ የሚገባ ነጋዴ መንገዱ ከአዲስ አበባ አዳማ ቢሆን ነው፣ ግን ሶስት መንግሥት ያቋርጣል፣ በየደረሰበት ሂሳቡን እንደገና ይሠራል። ቦሎኛ ያኔ የጳጳሱ ግዛት ነበረች፣ እዛ የሚሠራው ስኩዶና ባዮኮ ነው። እንዴት ነበር የሚኖሩት ብዬ ሬጆናሌ ባቡር፣ ርካሹን፣ ይዤ ወጣሁ።

ሰኞ፣ ፓርማ

ሰኞ ሙዚየም ዝግ መሆኑን እያወቅኩ ነው የወጣሁት፣ ከተማ መዞር ይበቃኛል ብዬ። ፓርማ ውስጥ የማትጠፋ አንዲት ሴት አለች፣ ማሪያ ሉዊጂያ። የናፖሊዮን ሁለተኛ ሚስት ነበረች፣ እሱ ሲወድቅ አሸናፊዎቹ ነገሥታት በቪየና ጉባኤ ፓርማን ሰጧት፣ ግን ለዕድሜ ልኳ ብቻ፣ ስትሞት ለቀድሞዎቹ ገዥዎች፣ ለቡርቦን ቤተሰብ፣ ይመለሳል ተብሎ። እስከ 1847 ገዛች፣ በታሮ ወንዝ ላይ ድልድይ አሠራች፣ ትልቁን ቲያትር አስገነባች፣ ሰዉ እስካሁን ይወዳታል፣ የምትወደው አበባ ቫዮሌት ስለነበር ከረሜላውም ሽቶውም በሷ ነው የሚሸጠው።

ከሰዓት በኋላ አንድ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ሲከፈት ገባሁና የሷ ገንዘብ አላችሁ ወይ አልኩ። ሰውዬው አንድ የ1815 ባለ 5 ሊሬ አወጣ። 25 ግራም ብር ነው፣ እጅ ላይ ሲያርፍ ይሰማሃል። በአንድ በኩል ፀጉሯ ወደላይ የታሰረ፣ ግንባሯ ላይ ዘውድ መሳይ ጌጥ ያረገች ሴት ወደ ግራ ታያለች፣ በሌላው በኩል የመንግሥቷ ምልክት ያለበት ጋሻ በትልቅ ካባ ተሸፍኖ አለ። የሚገርመው ነገር ባሏን ያወረዱት ነገሥታት ሾሟት ሳለ ገንዘቡ ልክ የናፖሊዮን ነው፣ በአስርና በመቶ የሚከፈል፣ ክብደቱም ከፈረንሳዩ ባለ 5 ፍራንክ ጋር እኩል። ፖለቲካው ወደኋላ ተመለሰ፣ ሂሳቡ ግን ባለበት ቀረ።

እሺ እዚህ ጋ ነው ነገሩ የኛ የሚሆነው። የዚች ሴት አባት የኦስትሪያው ፍራንዝ ነው፣ የሱ አባት ሊዮፖልድ፣ የሊዮፖልድ እናት ደግሞ ማሪያ ቴሬዛ። አዎ፣ ጠገራ ብር ላይ ያለችው ራሷ። ማሪያ ሉዊጂያ የልጅ ልጅ ልጇ ናት። ፎቶ አንስቼ አዲስ አበባ ለእናቴ ላክሁና ደወልኩ።

"እማዬ ይቺን ሴትዮ አየሻት? የጠገራዋ ሴትዮ ዘመድ ናት እኮ።"

"ኧረ ተወኝ የኔ ልጅ፣ የጠገራዋ እኮ ሙሉ ሰው ናት፣ ይቺማ አልበላችም።"

እውነቷን ነው። የጠገራዋ ማሪያ ቴሬዛ ደረቷ ሞልቶ፣ ሻሽ ከፀጉሯ ወርዶ፣ ትከሻዋ ላይ ጌጥ ሰክታ ነው ያለችው፣ አገራችን ሰዉ የደረት ጌጧ ላይ ያሉትን ነጥቦች እያየና እየቆጠረ ነበር የሚቀበላት፣ ነጥቡ ከተፋቀ ዞር በል ነው። ማታ ቶርታ ፍሪታ በላሁ፣ ዘይት ውስጥ የተጠበሰ ሊጥ ነው፣ ከላዩ የሚደረገውን ፕሮሹቶ ትቼ።

ማሪያ ቴሬዛ ልጆቿን ጣልያን ላይ እንዴት እንደበተነቻቸው ሆቴል ገብቼ ወረቀት ላይ ሳልኩት። ሊዮፖልድ ፊሬንዜ (ፍሎረንስ)፣ ፈርዲናንድ የሞዴናን ወራሽ አግብቶ፣ ማሪያ አማሊያ እዚሁ ፓርማ፣ ማሪያ ካሮሊና ናፖሊ። እንደ ባላባት ልጅ ድሮ፣ ጋብቻው ሁሉ መሬት ነው።

ማክሰኞ፣ ኮሬጆና ሞዴና

ከሬጆ ኤሚሊያ በአውቶቡስ ኮሬጆ ሄድኩ። ሰው ስሟን የሚያውቀው እዛ በተወለደው ሰዓሊ ነው፣ እኔ የሄድኩት ግን ገንዘብ በማጭበርበር አገሩን ላጣው ሰውዬ ስል ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሲሮ የሚባል ገዥ ነበር፣ 1616 ላይ የቅድስት ሮማ የሚባለው የጀርመኖቹ ንጉሠ ነገሥት ልዑል የሚል ማዕረግ ሰጠው። ልዑል ሆነ፣ ግን የሚገዛው ከተማና ዙሪያዋን ነው፣ ከግብር የሚገኘው ምን አላት? የነበረው ትልቁ ሀብት ሳንቲም የመምታት መብት ነው። ይሄን መብት ያኔ ንጉሠ ነገሥቱ ለብዙ ትንንሽ ገዥዎች ሰጥቶ ነበር፣ እነሱ ደግሞ አሠራሩን ቶሎ ነቁበት። የራስህን ፊት ያለበት ጥሩ ሳንቲም ብትመታ ማን ያውቅሃል? ገበያ ላይ የታወቀውን የሌላ አገር ገንዘብ የሚመስል ምታ፣ ጋሻውን ትንሽ ቀይረው፣ ፊደሉን ትንሽ አጣመው፣ ብሩን ቀንስና መዳብ ጨምር። ማንበብ የማይችል ሰው በቅርጹ ይቀበለዋል፣ ልዩነቱ ያንተ ነው። በዛን ሰሞን ጀርመን አገር ውስጥ ራሱ ከ1619 እስከ 1623 ገንዘቡ እንዲህ ተበላሽቶ ገበያው ተናግቶ ነበር፣ የሰሜን ጣልያን ትንንሽ ማተሚያዎች ደግሞ የድርሻቸውን አዋጡ።

ሲሮ በዛው ተያዘ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ተከሰሰ፣ ተፈረደበት፣ ቅጣቱን መክፈል አቃተውና ኮሬጆ 1635 ላይ ለሞዴና ገዥዎች ለኤስቴ ቤተሰብ ሄደች። የተቀረው ገዥ ሁሉ ንጹህ ነበር ብዬ ግን አላምንም፣ ሲሮ ጠባቂ የሌለው ነው የነበረው። የመሳፍንቱ ቤተ መንግሥት አሁንም አለ፣ ቀይ ጡብ፣ በሩ በነጭ ድንጋይ የተቀረጸ፣ አደባባዩ ላይ ሽማግሌዎች ቡና እየጠጡ ይጨቃጨቃሉ። አንዱን ጋሼ ስለ ሲሮ ብጠይቃቸው ሳቁና "ሌባ ነበር፣ ግን የኛ ሌባ" አሉኝ።

ሞዴና ለማደር ብቻ ነው የገባሁት። የዱካሌ ቤተ መንግሥቱ አሁን የጦር አካዳሚ ነው፣ ከውጭ አየሁት፣ ያምራል፣ በቃ።

ረቡዕ፣ ፊሬንዜ

ፊሬንዜ ቱሪስቱ አያስኬድም፣ እኔ ግን ማንም የማይሄድበት ጋ ነበር ጉዳዬ። ከመሀል ከተማ አርኖ ወንዝን ይዘህ ወደ ምሥራቅ ስትሄድ መንገዱ ራሱ ሉንጋርኖ ዴላ ዜካ ቬኪያ ይባላል፣ የአሮጌው ገንዘብ ማተሚያ ዳር ማለት ነው፣ መጨረሻው ላይ አንድ ብቸኛ ግንብ ቆሟል፣ መኪና ዙሪያውን ይዞረዋል። ማተሚያው እዚህ የነበረው ለወንዙ ብለው ነው፣ መዶሻውን የሚያንቀሳቅሰው የውሃው ጉልበት ነበር።

ፊዮሪኖ፣ የፊሬንዜ የወርቅ ሳንቲም፣ 1252 ላይ ነው የወጣው፣ በዛው ዓመት ጄኖቫም የወርቅ ሳንቲም መታች፣ ቬኔዚያ ዱካቷን ያወጣችው 1284 ነው። ፊዮሪኖ ትንሽ ናት፣ ባለ 10 የዩሮ ሳንቲም ብታህል ነው፣ ሶስት ግራም ተኩል ንጹህ ወርቅ፣ 24 ካራት። በአንድ በኩል የከተማዋ አበባ፣ በሌላው መጥምቁ ዮሐንስ ጠጉር ለብሶ ቆሞ። የሰው ፊት የለባትም፣ ከተማዋ ንጉሥ አልነበራትማ! በኔ እይታ ጥንካሬዋ እሱ ነው፣ ንጉሥ ሲሞት አትቀየርም፣ ጦርነት ያለበት ገዥ ደግሞ ወርቋን ላቅጥናት አይልም፣ ነጋዴዎቹ ራሳቸው ናቸው የሚጠብቋት። ከእንግሊዝ እስከ ሀንጋሪ ሰዉ ተቀበላት፣ ቀጥሎ ሁሉም መኮረጅ ጀመረ።

ማስትሮ አዳሞ የሚባል ሰው ካዜንቲኖ ተራራ ውስጥ ፊዮሪኖን በ21 ካራት ይመታ ነበር፣ ሶስቱ ካራት ቆሻሻ። 1281 ላይ በእሳት አቃጠሉት፣ ያም አልበቃ ብሎ ገጣሚው ዳንቴ ግጥሙ ላይ ሲኦል ውስጥ አስገባው፣ ሆዱ ተነፍቶ ውሃ ውሃ እያለ። ለሶስት ካራት! ያኔ ነገሩን እንዴት እንደሚያዩት ከዚህ ይገባሃል፣ የከተማዋን ስም ነው የሰረቀው።

ከወርቁ ዘመን ወርደን የጠገራዋ ልጅ ጋ ስንደርስ ፊሬንዜ የቶስካና መስፍን አገር ሆናለች። ሊዮፖልድ ከ1765 እስከ 1790 ገዛ፣ 1786 ላይ የሞት ቅጣትን ከሕጉ አወጣ፣ ለዛ ዘመን የማይታሰብ ነው። ትልቁ የብር ሳንቲማቸው ፍራንቼስኮኔ ይባላል፣ ስሙ የመጣው ከአባቱ ከፍራንቼስኮ ነው፣ የማሪያ ቴሬዛ ባል። አሁን ሂሳቡን ስሙኝ፣ አንድ ፍራንቼስኮኔ 10 ፓኦሎ ነው፣ አንድ ፓኦሎ 8 ክራፂያ፣ አንድ ክራፂያ 5 ኳትሪኖ። እስከዚህ እሺ። ግን ሊራም አለ፣ ሊራው 60 ኳትሪኖ ነው፣ ማለትም አንድ ፓኦሎ ተኩል፣ ስለዚህ ፍራንቼስኮኔው ስድስት ሊሬ ከሁለት ሶስተኛ። ሊራው ደግሞ 20 ሶልዶ፣ ሶልዶው 12 ዴናሮ። 1826 ላይ ነገሩን እናቅልል ብለው 100 ኳትሪኖ የሆነ አዲስ ፊዮሪኖ አወጡ፣ አሮጌዎቹን ግን አላነሱም፣ ስለዚህ ያቀለሉት ነገር አንድ ተጨማሪ ሂሳብ ሆነ። እኔ ካልኩሌተር ይዤ ነው ይሄን የጻፍኩት፣ ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጠዋ ሴት በቃሏ ነበር የምታሰላው።

ጣልያን አንድ ስትሆን የቶስካና አንድ ሊራ በ0.84 የአዲሱ ሊራ ተቀየረ፣ የናፖሊው ዱካት በ4.25። 1862 ነሐሴ ላይ ሕጉ ወጣና አዲሱ ሊራ የሁሉም ሆነ።

ረቡዕ ስለሆነ ጾም፣ ሪቦሊታ አዘዝኩ፣ የባቄላና የጎመን ሾርባ በደረቀ ዳቦ። ለጾመኛ ቶስካና አትከፋም።

ሐሙስ፣ ሉካ

ሉካን ወደድኳት። ግንቧ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ዙሪያዋን ይዟታል፣ ላዩ ላይ ዛፍ ተተክሎበት ሰው በሳይክል ይዞራል። ይቺ ከተማ ከሎምባርዶች ጊዜ ጀምሮ ገንዘብ ስትመታ ነበር፣ እስከ 1843 ድረስ። ከሺህ ዓመት በላይ ነው! ፊሬንዜ ወርቋን ከማውጣቷ በፊት ቶስካና ውስጥ ሰዉ ሁሉ የሚገበያየው በሉካ ዴናሮ ነበር፣ ላዩ ላይ ኤንሪኮ የሚባል ንጉሠ ነገሥት ስም አለ፣ ሰውዬው ከሞተ ስንት ትውልድ አልፎም ስሙን አልነኩትም፣ ምክንያቱም ገበሬው የለመደው እሱን ነው። ጠገራችን 1780 ላይ እንደቆመች ማለት ነው፣ ሴትየዋ በዛ ዓመት ሞተች፣ ሳንቲሟ ግን በዛው ዓመት ተጽፎባት ከዛ ወዲህ እየተመታች ነው።

ቀጥሎ የመጣው የብር ግሮሶ ላይ ደግሞ ቮልቶ ሳንቶ አለ፣ ካቴድራላቸው ውስጥ ያለው የእንጨት ስቅለት ፊት። ዘውድ የደፋ፣ ጢም ያለው፣ ጠቆር ያለ፣ ፊት ለፊት የሚያይ። ፎቶውን አይቼ የኛ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለ ነው የመሰለኝ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስኩዶ ላይ ደግሞ ቅዱስ ማርቲኖ ፈረስ ላይ ሆኖ ካባውን በሰይፍ ቆርጦ ለለማኝ ሲሰጥ አለ። ገንዘብ ላይ ለማኝ ያሳለ አገር ሌላ አላውቅም።

ናፖሊዮን የሉካን ሪፐብሊክ አፍርሶ ከተማዋን ለእህቱ ለኤሊዛ ሰጣት። የሷ ባለ 5 ፍራንኪ ላይ እሷና ባሏ ፌሊቼ ጎን ለጎን ናቸው፣ አገሪቱ የማን እንደሆነች ግን ሁሉም ያውቃል። ከናፖሊዮን በኋላ ፓርማን ያጡት ቡርቦኖች ማሪያ ሉዊጂያ እስክትሞት ሉካ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ፣ በኪራይ ቤት እንዳለ ሰው። ልዑሉ ካርሎ ሎዶቪኮ 1847 ጥቅምት ላይ ሉካን ለቶስካና አስረክቦ ወጣ፣ ማሪያ ሉዊጂያ ታኅሣሥ ላይ ሞተች፣ ፓርማ ገባ። ሞቷን በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ነበር ማለት ይቻላል።

ዓርብ፣ ሊቮርኖ

ሊቮርኖ ቆንጆ አይደለችም፣ በጦርነቱ ተደብድባለች፣ ግን ወደብ ናት፣ የወደብ ሰው ደግሞ ያወራል። ያኔ ቶስካናን ይገዙ የነበሩት ሜዲቺዎች ከ1591 ጀምሮ ባወጡት አዋጅ አይሁዱም ግሪኩም አርመኑም ቱርኩም ና ነግድ ተባለ፣ ያኔ አውሮፓ ውስጥ እንዲህ የሚል ብዙ አልነበረም። የዛኑ ወደብ ዳር ሐውልት ግን ሂዱና እዩ፣ መስፍን ፈርዲናንዶ ከላይ፣ ከታች አራት በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎች በነሐስ፣ አንዱ ጥቁር ነው፣ ፊቱ የወንድሜ ፊት። ቀራጺው ታካ ጥሩ ሠራተኛ ነው፣ ለዛም ነው የሚያመው። ሰዉ ሴልፊ ይነሳበታል። እኔ ዝም ብዬ ቆሜ ሄድኩ።

የሊቮርኖ ገንዘብ ለአገር ውስጥ አልነበረም። የሜዲቺው መስፍን ኮዚሞ ሶስተኛ ያስመታው ቶሌሮ የሚባል ትልቅ ብር አለ፣ በአንድ በኩል እሱ ከነረጅም ፀጉሩ፣ በሌላው ወደቡ ራሱ ከነምሽጉና ከነመርከቡ፣ ዙሪያውን በላቲን "ክፍት ነው፣ ይረዳልም" የሚል ጽሑፍ። ማስታወቂያ ነው እኮ በቃ! መርከቡ ጭኖት ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኦቶማን ገበያ ይሄዳል፣ እዛ ያሉት ነጋዴዎች የሚፈልጉት ትልቅ ብር ነበርና። ቬኔዚያም በ1750ዎቹ ለዛው ገበያ የራሷን ታሌሮ መታች፣ የጠገራዋን ገበያ አይታ። በመጨረሻ ሁሉንም ያሸነፈችው ግን ማሪያ ቴሬዛ ናት፣ በቀይ ባህር በኩል እኛም ጋ የደረሰችው በዛው የንግድ መስመር ነው። እና ቬኔዚያ ኦስትሪያ እጅ ስትገባ ያው የቬኔዚያ ማተሚያ ራሱ 1780 የሚል ጠገራ ሲመታ ነበር፣ አያቶቻችን እጅ ከገቡት ውስጥ አንዳንዱ የጣልያን ውሃ የጠጣ ነው።

ዓርብ ጾም ነው፣ እዚህ ደግሞ ችግር የለም፣ የሽምብራ ዱቄት በዘይት ተለውሶ እሳት ላይ የተጋገረ ቶርታ አላቸው፣ ዳቦ ውስጥ አርገው ይሰጡሃል። ስሙ "አምስትና አምስት" ነው፣ ድሮ ሰዉ ሲገዛ የአምስት ዳቦ፣ የአምስት ቶርታ ስጠኝ ይል ነበር፣ ገንዘቡ ሞቶ ዋጋው ምግቡ ላይ ቀረ። በርበሬ ቢኖረው ሹሮ ነው።

ቅዳሜ፣ ፎዝዲኖቮ

ከሳርዛና ባቡር ጣቢያ አውቶቡስ ይዞ ተራራ መውጣት ነው፣ ሹፌሩ ጥምዝምዙን እንደ ሊማሊሞ ሹፌር ነው የሚወስደው። የማላስፒና ቤተሰብ ቤተ መንግሥት ጫፉ ላይ ተቀምጧል፣ ከላይ ባህሩ ይታያል። ጉብኝቱ በአስጎብኚ ነው፣ ዳንቴ አድሮበታል የሚሉት ክፍል አለ፣ መንፈሷ ይዞራል የምትባል ልጅ አለች፣ ቱሪስቱ ሁሉ የሚጠይቀው ስለ መንፈሷ ነው። እኔ ስለ ሉዊጂኒ፣ እዚህ ይመታ ስለነበረው ትንሽ የብር ሳንቲም፣ ስጠይቅ አስጎብኚዋ ደስ አላት፣ ይሄን የሚጠይቀኝ የለም አለች።

በኔ እምነት ከዚህ ጉዞ ሁሉ ትልቁ ታሪክ ይሄ ነው። ፈረንሳይ ኤኩ የሚባለው ትልቅ ብሯ 12ኛ እጅ የሆነች ትንሽ ብር ትመታ ነበር፣ ሁለት ግራም ከምናምን፣ የወጣቱ ንጉሥ የሉዊ 14ኛ ፊት ያለባት፣ ብሯ ጥሩ። ነጋዴዎች ቱርክ ሲወስዷት ገበያው አበደላት። በተለይ የዶምብ ልዕልት አን ማሪ ሉዊዝ ያስመታችው፣ የሴት ፊት ያለበት፣ ሴቶቹ እየበሱ አንገታቸው ላይና ራስ መሸፈኛቸው ላይ ያረጉት ጀመር፣ እኛ አገር ጠገራ በክር አንገት ላይ እንደዋለችው። ያኔ የዚህ አካባቢ፣ የሊጉሪያና የሉኒጃና፣ ትንንሽ ባላባቶች ብልሃቱ ገባቸው። ቶሪሊያ ላይ ቪዮላንቴ ዶሪያ፣ ታሳሮሎ ላይ ሊቪያ ስፒኖላ፣ እዚህ ፎዝዲኖቮ ላይ ማሪያ ማዳሌና ማላስፒና፣ ሶስቱም ሴቶች፣ የራሳቸውን ፊት የፈረንሳይዋን ልዕልት እንዲመስል አርገው ሳንቲም ያስመቱ ጀመር። ጋሻው ላይም ከሩቅ የፈረንሳይ ሶስት አበባ ይመስላል። ገበያው እንዲቀበለው የፈረንሳይ ይመስላል፣ ፎርጅድ ነው እንዳይባል ስማቸው ተጽፎበታል። ጠበቃ ያማከረ ሰው ሥራ ነው።

ማንም እዚህ መንደር ውስጥ በዚህ ገንዘብ ዳቦ አልገዛበትም። ተመታ፣ በጆንያ ወረደ፣ መርከብ ላይ ወጣ። መጀመሪያ ብሩ ደህና ነበር፣ በኋላ በየጊዜው ቀነሰ፣ መጨረሻ ላይ በብር የተቀባ መዳብ ሆነ ማለት ይቻላል። ኦቶማኖቹ 1669 አካባቢ ነቅተው ዘጉት፣ እዛ ያለው ደሃ እጁ ላይ ቀረበት። አስጎብኚዋ ይሄን "ጎበዝ ሴቶች" ብላ ነው የነገረችን፣ ሰዉም ሳቀ። እኔ ግን ስምርና (የዛሬዋ የቱርክ ኢዝሚር) ገበያ ላይ ያለችው እንቁላል ሻጭ ናት የታየችኝ፣ ፊቱ ያው ነው ብላ የተቀበለችው።

እሁድ፣ ሚላኖ

ሌሊት ገብቼ ጠዋት ቪያ አርሞራሪ ወረድኩ፣ እሁድ እሁድ የቴምብርና የሳንቲም ሻጮች መንገድ ላይ ጠረጴዛ የሚዘረጉበት ነው። አንዱ ሽማግሌ ጋ ጠገራ አገኘሁ። የየት ነች ስለው አጉሊ መነጽር አወጣና የደረት ጌጧን አሳየኝ፣ ልክ እንደኛ ሰዎች፣ "የሮማ ናት" አለ።

የሮማ ጠገራ እንዲህ ነው የመጣው። ጣልያን መጀመሪያ ኤርትራ ላይ በ1890ዎቹ የኡምቤርቶን ፊት ያለበት ታሌሮ አወጣች፣ ሰው እንደ ጠገራ አላመነውም። 1918 ላይ ተመሳሳይ ሴት አስቀርጻ ሞከረች፣ ሰው ነጥቧን አይቶ መለሰ። ምኒልክ ራሳቸው 1894 ላይ ያወጡት ብር ጠገራን ከገበያ አላስወጣትም፣ እንኳን የባዕድ። በመጨረሻ ሙሶሊኒ 1935 ላይ ቅርጹን ከቪየና ወስዶ ሮማ ውስጥ ራሷን ማሪያ ቴሬዛን ማስመታት ጀመረ፣ እስከ 1939፣ ለወረራው መክፈያ። ሮማን ያህል መንግሥት የሲሮንና የማሪያ ማዳሌናን ሥራ ሠራ፣ ልዩነቱ ፈቃድ ማውጣቱና ብሩን አለመቀነሱ ነው። ሽማግሌው ይሄን ስነግረው "ብሩን ቢቀንሱትማ እናንተ አትወስዱትም ነበር" አለኝ።

ጠገራዋን አልገዛሁም፣ የወረራ ገንዘብ ቤቴ ማስገባት አስጠላኝ። ከጎኗ የናፖሊ የ1791 ፒያስትራ ነበረች፣ ማሪያ ካሮሊና ከባሏ ጎን፣ አፍንጫዋ የእናቷ፣ ዋጋዋ ግን የሚነካ አይደለም። አንድ ሉዊጂኖ ጠየቅኩት፣ እሳት የሆነ ዋጋ ጠራልኝ፣ ከ100 ዩሮ በላይ፣ ውስጡ ያለው ብር ጥቂት ዩሮ ብቻ ለሚያወጣ። ትንሽ ተከራከርን፣ "ያኔም እንዲህ ነበር" ብሎ ሳቀብኝ። በመጨረሻ የቶስካና ባለ 10 ኳትሪኖ፣ የ1858፣ ገርጥታ ያለቀች፣ በ12 ዩሮ ወሰድኩ። ሁለት ክራፂያ መሆኗ ነው፣ የፓኦሎ ሩብ። ናፖሊን በሚቀጥለው ዕረፍት።